እንዳለሁ አንሳኝ

የፎቶ ቤቱን መስኮት የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። መሃል ላይ ትልቁ ፎቶ አለ፤ አንገቷን ዘንበል ያደረገች፣ ፊቷ እንደተወለወለ ሳህን የሚያበራ ልጅ። ደንበኛ ሲገባ ወደ እሷ ይጠቁምና «እንደዚህች አድርገህ አጽዳልኝ» ይላል። ፎቶ አንሺውም ችግር የለም ብሎ ወንበሩን ያስተካክላል።

የፎቶው ባለቤት ከመስኮቱ ጀርባ፣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ የታተሙ ፎቶዎችን ጠርዝ በመቀስ ትከረክማለች። ከውጭ የመጣ ደንበኛ አያውቃትም። የባንኮኒዋ ልጅ ከግራ ጆሮዋ ተነስቶ እስከ ከንፈሯ ጫፍ የሚወርድ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። የመስኮቷ የላትም።

ፎቶ አንሺው አባቷ ነው። ገና ዳዴ ስትል የፈላ ውሃ ፈሰሰባት። ማንቆርቆሪያውን የገፋው የማን ክርን እንደሆነ በዚያ ቤት አይነሳም። እኔ ላንሳው፤ የአባቷ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል። ይሄኛው ልጁን ባነሳት ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ጉንጯን እንደ እድፍ ያጠራል። የልደቷም ሆነ የትምህርት ቤቷ፣ ጠባሳዋን ይዞ ከዚያ ቤት የወጣ አንድ ፎቶ የለም።

እናቷም አላረፈችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጸጉርሽን ወደዚህ ጣል አድርጊው ትላለች። እኛ ጎረቤቶቿም ደግ መሆናችን ነው፣ «ዓይንሽ እኮ ሲያምር» እንላታለን፤ የቀረው ፊቷ ቤት ውሎ ዓይኗ ብቻውን የመጣ ይመስል። ክፍል ውስጥ «ካርታ» እያሉ የሚጠሯት ልጆች አሉ። ባለጌዎች ናቸው፤ ግን ቢያንስ ያዩትን ነው የተናገሩት።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ፎቶዋን ልትወስድ መጥታ መስኮቱን እያየች፣ ያቺ ቆንጆ እህትሽ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ መቀሱን አስቀምጣ አባቷን አየችው። እሱ ይመልስ ብላ ነው። አባትየው የካሜራውን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«አዎ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ታላቋ ናት።»

ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሳል ሳል አለው። ቀልዴን ነው እንኳ አላለም። በዚያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ልጅቷ «ለእህቴም አቅርቡላት እንጂ» አለች። እናቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋረጠች።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሱቁን ስትዘጋ መስኮቱ ፊት መቆም ለመደች። ውጭው ደብዘዝ ሲል መስታወቱ የራሷን ፊት በፎቶው ላይ ደርቦ ያሳያታል። እሷም አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ዓይን በዓይን ላይ ልክ ይገጥማል፤ ጉንጩ ጋ ሲደርስ አይሆንም። እሷ ብትሆን ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣ ነበር፣ እሷ ብትሆን አባዬ ከሰው ጋር ሲያስተዋውቃት ወለል ወለሉን አያይም ነበር እያለች ታስባለች። አስራ ስድስት ዓመት የኖረችበት ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ቦታ የያዘች መሰላት። ይሄን እንድታስብ ያደረግናት እኛ ነን፤ ከራሷ አላመጣችውም።

አንድ መውጫ ነበራት። የመልቀቂያ ፈተናውን አልፋ ርቃ መማር፣ ያቺን ፎቶ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ቦታ። ለመፈተኛ ካርዱ ፎቶ ሲጠየቅ አባቷ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጸጉሯንም ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«አባዬ፣ ይሄን እንኳ እንዳለሁ አንሳኝ። አትንካው።»

«እሺ፣ እናቴ» አለ።

ከልቡ ነበር። አነሳት። ግን የሙያው ነገር አለ። ፎቶ ሲከፍት እጁ ሐሳቡን ቀድሞት ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጉንጭ፣ ቀጥሎ የዓይን ሥር፣ ከዚያ ጀርባውን ነጭ ማድረግ። ልቡ የት እንደነበር እንጃ፤ ልብ ሲል ጉንጯ ጠርቷል። ወደ ነበረበት መመለስ ይችል ነበር። አየው፣ አማረው፣ አተመው። ወስዶም ለትምህርት ቤቱ ራሱ ሰጠ።

ካርዱ የታደለው በፈተናው ጠዋት፣ በመፈተኛው ክፍል በር ላይ ነው። ልጅቷ ተቀብላ አየችው። እህቷ ነበረች፣ ማህተም ተመትቶባት።

ፈታኟ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች መምህር ነበረች። ካርዱን ከልጅቷ ፊት ጎን አድርጋ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን አየች፤ ጸጉርሽን ሰብስቢ አለቻት። ሰበሰበች። ለእህትሽ ልትፈተኚላት ነው የመጣሽው አለቻት። ሰልፉ ውስጥ ካርታ እያለ የሚያበሽቃት ልጅ ነበር፤ «ቲቸር፣ ራሷ ናት፣ እኛ እናውቃታለን» ያለው እሱ ብቻ ነው። ዝም በል ተባለ። አባቷ ተጠራ።

የሌንስ ጨርቁን ትከሻው ላይ እንደጣለ እየሮጠ ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት። ተማሪው ሁሉ ያየዋል። ላብ አጠመቀው።

«ፎቶው የድሮ ነው» አለ። «ከመቃጠሏ በፊት የተነሳችው። አምና ነው የተቃጠለችው።»

ፈታኟ ወደ ልጅቷ ዞረች። «መቼ ነው የተቃጠልሽው?»

አዎ አምና ብትል ምናልባት ትገባ ነበር። ልጅቷ አባቷን አየችው። አሁንም ወለሉን እያየ ነበር።

«ዳዴ ስል» አለች።

በሩ ተዘጋ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባትየው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳያፍርብሽ ብዬ ነው አለ። ቆም ብላ ጠበቀችው።

«ማን ነው ያፈረብኝ፣ አባዬ?»

የሌንስ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ እጁን ጠረገበት።  ፎቶው እስከ ዛሬም እዚያው መስኮት ላይ ነው፤ ደንበኛ ይወደዋላ።

በዓመቱ የፈተናው ምዝገባ ሲመጣ ለማንም ሳትናገር ከተማውን አቋርጣ ሌላ ፎቶ ቤት ገባች። ሰውየውን እንዳለሁ አንሳኝ አለችው። አነሳት። ሲያስረክባት ጉንጯ ጠርቷል።

«ለራስሽ ብዬ ነው፣ እህቴ» አለ። «ሒሳብም አልጨመርኩም።»

«መልሰው።»

እያጉረመረመ መለሰው፤ እንደገና አተመው። ፎቶውን ተቀብላ አየች። ጠባሳው ያለቦታው፣ በሌላኛው ጉንጯ ላይ መሰላት። ደንበኞች «እኔን አልመሰለም» ሲሉ፣ የለመዳችሁት መስታወት ግራ ቀኙን ስለሚያገላብጥ ነው እያለች ስታስረዳ የኖረች ልጅ ናት። ራሷ ላይ ሲደርስ ግን እጇ ወደ ቀኝ ጉንጯ ሄደ። ለስላሳ ነበር። ተሳስተሃል፣ በዚህ በኩል አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ገባትና ዘጋችው።

ፎቶ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ፊቷን በፎቶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።