ባህሩ ሹሩባ የተሠራ ዕለት

ገበያችን ውስጥ ባህሩን የማያውቅ ካለ እንኳ ጎፈሬውን ያውቀዋል። የምስማርና የቁልፍ ሱቁ ከእኔ ፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የእኔ መስታወት ፊት ይቆምና በሚዶው ጎፈሬውን ከፍ ከፍ ያደርጋል። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው፣ ዞር በል ብለው አይሰማም። ሚስቱ እህተማርያም ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ ይዞ የሚወጣው ሚዶውን ነው ትላለች፤ አላጋነነችም።

ይህን ጉረኛ ሰውዬ የምታንሰፈስፈው አንዲት ፍጥረት ብቻ ናት፤ ልጁ ሃሴት። አራት ዓመቷ ነው። አትናገርም፣ ስሟ ሲጠራ አትዞርም፣ ጭንቅላቷን የነካት ሰው ካለ ሰፈሩ በጩኸቷ ይናወጣል። ደስታዋ የአባቷን ብሎኖች ጣሳ ውስጥ ከትቶ ማንኳኳት ነው። ባህሩ እጁን ዘርግቶ ሲጠራት በአጠገቡ አልፋ ወደ ጣሳዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ «ፅጌ፣ ትናገርልኝ አላልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልጠራት፣ በራሷ ወደ እኔ ብትመጣ» አለኝ።

ሐይቅ ዳር ያለ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ ከንግግር ሕክምናው ጎን ለጎን፣ የልጆችን አእምሮ እድገት ለማገዝ ቀላል የሌዘር ብርሃን እንደሚሞክር ባልና ሚስቱ ሲሰሙ ሃሴትን ይዘው በረሩ። ባለሙያው ሔኖክ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። ብርሃኑ እንደማያምና እንደማያቃጥል ነገራቸው፤ ነገሩ ገና እየተጠና ስለሆነ ይህን ያህል ለውጥ ይመጣል ብሎ ቃል እንደማይገባም አልደበቃቸውም። መሰናክሉ ግን ሌላ ሆነ። የሃሴት ፀጉር እንደ አባቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብርሃኑን ያስቀረዋል። መላጨት አይታሰብም፤ የመላጫ ማሽን ድምፅ ከሰማች አለቀልን። ስለዚህ ሰፋፊ መስመር ወጥቶለት ሹሩባ ይሠራ ተባለ፣ መሣሪያው በመስመሩ ላይ እንዲያርፍ። ሹሩባውን የምሠራው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ አባትና እናት ፀጉር ቤቴ ይዘዋት መጡ።

ብስኩት ሞከርኩ፣ መዝሙር ሞከርኩ፣ ቅባቴን በእርግጫ ደፋችው። እጄን ካነሳሁ ከወንበር ሥር ናት። በዚህ መሀል እህተማርያም ልብሷን ከቅባት እየጠረገች፣ ይህች ልጅ እኮ አባቷ ያላጠለቀውን ኮፍያ አታጠልቅም፣ እሱ ያልቀመሰውን አትቀምስም ብላ አጉረመረመች። ከዚያ ሁለታችንም ቀና ብለን ያየነው የባህሩን ጎፈሬ ነበር።

«የኔን?» አለ ባህሩ።

ሚዶውን ኪሱ ከተተና ጉልበቶቼ መሀል ቁጭ አለ።

እኔ በሳቅ፣ እሱ በእንባ ተጀመረ። ፀጉሩ ሲጎተት ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እኛ ሴቶች ይህን የምንችለው ዘወትር ነው አልኩት። ወሬው ከእኔ እጅ ፈጥኖ ገበያውን አዳረሰ። ጫማ ሻጩ ሱልጣን የደንበኛውን አንድ እግር ጫማ እንደያዘ ሮጦ መጣና፣ ሰውዬው ሊዳር ነው ወይ ብሎ በሩን ተደግፎ ይንከተከት ጀመር። ባህሩ ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

ስጨርስ ሃሴት ጣሳዋን አስቀምጣ ብቅ አለች። አባቷን ዞራ ዞራ አየችው። ከዚያ እሱ የተነሳበት ቦታ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሱልጣን ጫማውን ደረቱ ላይ አጣብቆ ሳቁን አቆመ። ፀጉሯን ስይዝ አንድ ጊዜ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ባህሩ ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን አሳያት፤ አፏን ዘጋችው። እኔም ሰፋፊ መስመሩን አውጥቼ ሹሩባዋን ጨረስኩ።

ክሊኒክም እንደዚያው ሆነ። ባህሩ ጥቁሩን መከላከያ መነጽር አደረገ፤ እሷም አደረገች። ሔኖክ መሣሪያውን ሳያበራው መጀመሪያ የአባትየው መስመር ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ አብርቶ የልጅቱ ላይ። ከዚያ በኋላ የተማሪ መዓት እየመጣ የባህሩን ዓይነት ሥሪን ይለኝ ጀመር፤ ስሙንም የሌዘር ሹሩባ አሉት። ሱልጣን ይኸው ብርሃን ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ያስታውሰው እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ባህሩ ለዘመን መለወጫው ለፍቼ በዓል ጉዱማሌ አደባባይ ሲሄድ አንድ አዛውንት አስቆሙትና፣ ልጄ፣ ይህ የማን አገር ባህል ነው አሉት። «የልጄ ነው፣ አባባ» አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ።

የብርሃን ሕክምናው አለቀ። ሃሴት አሁን ስሟ ሲጠራ አንዳንዴ ትዞራለች። ከብርሃኑ ይሁን ከንግግር ሕክምናው ወይም ከዕድሜዋ፣ ሔኖክ እንኳ ይህ ነው ብሎ መለየት አልችልም አለ። ባህሩ ግን ነፃ ወጣሁ ብሎ እየዘፈነ ሹሩባውን ሊያስፈታ መጣ። ፈታሁለት። ጎፈሬው ተመልሶ ቆመ፣ እሱም መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ሁለቱም አበጡ።

ያኔ ሃሴት ከእናቷ ጋር ገባች። ማንም አልጠራትም። አባቷን አየችው፣ ጣሳዋን መሬት ላይ አኖረች፣ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። እስኪቀመጥ ድረስ ጉልበቱን ገፋችው። ሚዶውን ከኪሱ አወጣችና የተበጠረውን ጎፈሬ መሀል ለመሀል ትሰነጥቀው ጀመር። መስመሩ ከግንባሩ ተነስቶ ወደ ጆሮው ጠመመ። ላቃናላት እጄን ስዘረጋ፣

«ፅጌ፣ እንዳትነኪው» አለኝ። እንባው ጢሙ ውስጥ ይገባል፣ እየሳቀ ነው።

ያን ቀን ከነጠማማ መስመሩ ምስማር ሲሸጥ ዋለ፤ ከሳቀበት ሁሉ ጋር አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ መስታወቴ ፊት መጥቶ ቆመ። ሚዶው ሃሴት እጅ ነበር።