በምች ላይ ብርድ

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ብርዱ እጅግ በጠናበት ሰሞን፣ ባሕር ማዶ፣ ብሩክሊን ፓርክ ባለው ቤታችን ነው። ከሞት መትረፋችንን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። እናቴ በኋላ የጠየቀችኝን ጥያቄ ግን አልረሳውም።

ቤቱን በጋዝ እሳት የሚያሞቀው ፈርነስ አርጅቶ ነበር። ይነሳና ወዲያው ይጠፋል። መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ ብዙም ሳያይ «ይቀየር» አለኝ። ሁለተኛው በመስጊድ የምንተዋወቀው የአገሬ ሰው፣ ጋሽ ከድር ናቸው። እሳቸው ሲሚንቶው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አንድ ሰዓት ያህል ካዩ በኋላ «ይጠገናል» አሉ።

እኔ የተጻፈ ነገር ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ስለሆነ ይመስለኛል። የሁለቱንም ቃል ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ።

«ዘይነብ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ኒካህ አይደለም» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ ሲሰለቻቸው።

ይጠገን አልኩ። አንድ ዕቃ ቀየሩለት፤ ቤቱ ሞቀ።

በሳምንቱ እናቴን ራሷን አመማት። ከደሴ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ለሶላቷ ጸጥታ ስለምትወድ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት፣ ከፈርነሱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው የምትተኛው። «ምች ነው» አለች። እኔም አልተጠራጠርኩም። ከአገር ያመጣችውን ደረቅ ዳማከሴ በሻይ አፍልቼ አጠጣኋት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላት፣ ነፋስ እንዳይገባም በሩን ዘጋሁባት።

ቅዳሜ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ የፈርነሱን መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙም ሳልገፋ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ይደራረብ ጀመር፤ ራሴን ወጋኝ። ወጥቼ የደጁን በረዶ ስጠርግ ተሻለኝ። ተመልሼ ስወርድ ያው ሕመም ጠበቀኝ።

ደረጃው ላይ ቆምኩ። እኔን ደግሞ ምች የመታኝ በየት በኩል ነው? ፀሐይ የሚባል ነገር ካየሁ ሳምንት አልፎኛል።

ያኔ ፈርነሱ መርዛማ ጋዝ ሲተፋ የሚጮኸውን መሣሪያ በዓይኔ ፈለግሁት። እሱ የነበረበት ሶኬት ላይ የተሰካው የእናቴ ስልክ ነው።

«እማ፣ እዚህ የነበረችው ነጭ ነገር የታለች?»

«ስልኬን ልሰካ ነቀልኳትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ምን ሥራ አላት?»

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩባት። «ተነሽ፣ እንውጣ።»

«በምች ላይ ብርድ? ልትገድይኝ ነው?»

«እማ፣ ተነሽ አልኩሽ።»

«አልነሳም። ከሞትኩም ሞቆኝ ልሙት።»

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። በብብቷ ይዤ አነሳኋት። እግሯ አልታዘዝ ብሏት ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠችብኝ። በየእርምጃው ትረግመኛለች። ይበልጥ የፈራሁት ግን እርግማኗ እየሳሳ ሲመጣ ነው።

መንገድ ዳር ወደቆመው መኪናዬ አስገብቻት ወደ አደጋ ጥሪው ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። የያዙት መለኪያ ገና በሩን ሲያልፉ ጮኸ። ጋዙን ዘጉ፣ መስኮቶቹን ከፋፈቱ። እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይቀየር ተብዬ፣ ይጠገን ብዬ፣ እናቴን ገደልኳት።

በዚህ መሐል አንዱ ሠራተኛ ጋቢ ይዞ ወጣ። እናቴ አፏ ላይ የተደረገላትን ኦክስጅን ገለጥ አድርጋ «ጋቢዬን ምን ሊያደርግ ያዘው?» አለች።

ለካ ፈርነሱ ለእሳቱ የሚሆነውን አየር የሚያገኘው ከውጭ ገብቶ ምድር ቤቱ ውስጥ በሚከፈት ቱቦ ነው፤ አየር ሲያጥረው እሳቱ መርዝ ይተፋል። በቱቦው ብርድ ይነፍሳል። እናቴ ነፋሱ እንዳይመታት ጋቢዋን ጥቅጥቅ አድርጋ ወትፋበታለች። ቱቦው እንዳይዘጋ ቤቱን ስገዛ ተነግሮኛል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

በማግስቱ ከሆስፒታል ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

አይገባትም ብዬ ነበር። እኔ ራሴ ማንበብ ባልቻልኩባቸው ዓመታት፣ ሰው አይገባትም እያለ ሲያልፈኝ ምን ያህል ያንገበግበኝ እንደነበር እያወቅሁ።

ጋሽ ከድር መጥተው ፈርነሱን ፈተሹት። «ማሽኑ ጤነኛ ነው» አሉ። እኔ ግን ደብተሬን አላወጣሁም። እናቴን ፈርነሱ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና እሳቸው እያንዳንዱን ነገር በእጃቸው እያሳዩ አስረዷት። የክፍሉን አየር ሳይነካ፣ የራሱን በቀጥታ በተገጠመለት ቱቦ ከደጅ የሚስብ አዲስ ዓይነት እንዳለም ነገሯት።

እናቴ አሰብ አደረገች። «ይቀየር» አለች። «እኔ የምተነፍሰውን ከሚሻማኝ ነገር ጋር አላድርም።»

ተቀየረ። አሁን የአዲሱን መመሪያ በአማርኛ እየመለስኩ፣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። አንዳንዱ ገጽ አሰልቺ ስለሆነ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ ካቆምንበት እቀጥላለሁ፤ አንድም መስመር አልዘልም።