በሰው ድምፅ አልናገርም

ሰው አገር በገባች በአሥራ አንደኛው ዓመቷ የመጀመሪያ ፊልሟን ቀረጸች። ድርሰቱን የጻፈችው ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ፣ አንሶላ እየተኮሰች ነው። ቃሉን ከአፏ አውጥታ ሳትሰማው ወረቀት ላይ አታሰፍርም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ስታወራ ትውላለች። የእህቷ ባል፣ ታክሲ ነጂው፣ "ካውያ" የሚል ስም አውጥቶላታል። "ስለምትተኩሺ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ጠጋ ያለሽን ሁሉ ታቃጥያለሽ" ይላታል።

አዘጋጇም፣ እናትን ሆና የምትተውነውም ራሷ ነበረች። ታክሲ ነጂውን ደግሞ ተቆጥቶ፣ ሰላም ሳይል የሚገባ ወንድም አደረገችው። ሦስት ጊዜ ተቀረጸ። ሦስቱንም ጊዜ በሩን በርግዶ ገባና "እንዴት ዋላችሁ" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ተጣልተኸኛል እኮ!"

"ብጣላሽስ! አሳዳጊ የበደለው መሰልኩሽ?"

በአራተኛው አፉን በእጁ ይዞ ገባ። ይህንኑ ቀረጻ ወሰደችው።

ፊልሙ ተቀናብሮ ሲያልቅ ፕሮዲዩሰሩ ድምፅ ስቱዲዮ ጠራት። ስትደርስ አንዲት ወጣት ተዋናይ ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣለች።

"ፊትሽ እንዳለ ይቆያል" አላት በለዘበ አንደበት። "ድምፅሽን ግን እሷ ትተካዋለች። አነጋገርሽ ለአገራችን ተመልካች ይከብዳል፤ ፊልም አከፋፋዩም ያለዚህ አልወስድም ብሏል።"

ስክሪኑ ላይ የገዛ ፊቷ አፉን ከፈተ፤ የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። እናትየዋ ልጇን "አትሂጂ" ከማለቷ በፊት ዝም የምትልበት ቦታ ነበር። ወጣቷ ዘልላው አለፈች።

"እዚህ ጋ ዝም ይባላል" አለች አዘጋጇ።

"ቃል ጠፍቶሽ እኮ ነው። እያስተካከልንልሽ ነው።"

ከቦርሳዋ ድርሰቱን አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። "ዝም ትላለች" ይላል፣ በእጅ ጽሑፏ።

"አልጠፋኝም። ጽፌዋለሁ።"

"ተመልካቹስ?"

"ይልመደዋ! እኔ አሥራ አንድ ዓመት የእናንተን አነጋገር ስለምድ ማን ድምፅ ቀየረልኝ?"

"ያለ አከፋፋይ ማን ያይልሻል?"

"የሚያየውን እኔው ፈልጌ አገኛለሁ። ውሉ የመጨረሻው ቃል የአዘጋጇ ነው ይላል። ቃሌ ይሄው ነው፤ በሰው ድምፅ አልናገርም።"

ፕሮዲዩሰሩ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ወጣቷ ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሣች። ድምፅ ባለሙያው በሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

"የአንቺን ድምፅ ከየት ጀምሬ ልመልሰው?"

"ከመጀመሪያው።"