የአህያ ቋጠሮ

ገንዘብ አያያዝ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ያስተማረችኝም በመቀነቷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ሳጥን የላትም፣ ሳጥን ቢኖራትም ቁልፍ የላትም። ያላት ወገቧ ላይ ብዙ ዙር የሚጠመጠም፣ ከእኔ ቁመት በጣም የሚረዝም ነጭ መቀነት ነበር። ነጭ ስል ድሮ ነጭ የነበረ ማለቴ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ ነበረው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን እየነካኩ ስለ ቁጠባ ሲያስረዱኝ አፌን ዘግቼ አዳምጣለሁ፤ በሆዴ ግን እስቃለሁ። ይሄን እኮ እኔ የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው የተማርኩት።

ጊዜው ጣሊያን የገባበት ነው። ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ያኔ ኮልፌ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፣ በባሕር ዛፉ መሃል ደግሞ አልፎ አልፎ ጎጆ። ጠዋት ጠዋት ጉም በቀራንዮ በኩል ቀስ እያለ ይመጣና ዛፉንም፣ ጎጆውንም፣ እኛንም ይውጠናል። የዚያን ዘመን ነገር ሳስብ ሁሉም በዚያ ጉም ውስጥ ነው የሚታየኝ። አንዳንዱን ያየሁት ይሁን ያለምኩት ዛሬ መለየት ይቸግረኛል። የእናቴ ሳቅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ፊቷን ልይ ስል ግን ጉሙ ይመጣል።

አባቴ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ ጥቁር ልልበስ አልልበስ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመችና፣ አንድ ቀን መጥረቢያውን ከግድግዳው ላይ አውርዳ እንጨት መሸጥ ጀመረች። ፍልጡን በጠፍር አስራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ፣ አንድ ጣሊያን ወደ ከፈተው ፉርኖ ቤት ቁልቁል ትወርዳለች። እኔ ጭራሮዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ከኋላ ሆኜ ሳያት እናቴ አትታየኝም፤ የሚታየኝ ሁለት እግር ያወጣ የእንጨት ክምር ነው።

ማታ ጀርባዋን በሞቀ ጨርቅ ስተኩስላት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፤ "ጀርባዬ ሳይቀድመኝ አህያ ልግዛ እንጂ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ።" እውነቷን ነበር። ቀሚስ አልፈለገችም፣ ጌጥ አልፈለገችም፣ ባል እንኳ ሽማግሌ ልኮባት አልፈለገችም። የምትፈልገው አህያ ነው። ገና ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኛል፤ ወይ አህያዋ ትቀድማለች፣ ወይ የእናቴ ጀርባ ይሰበራል።

ሦስቱ ቋጠሮዎች እንዲህ ነበሩ። የመጀመሪያው የሆድ ነው፤ እህል፣ ጨው፣ በርበሬ ከእሱ ይወጣል። ሁለተኛው የሥራ ነው፤ ጠፍር ሲበጠስ፣ መጥረቢያ ሲደንዝ፣ የደኑ ዘበኛ እጁን ሲዘረጋ እሱ ይፈታል። ሦስተኛው፣ ወደ ሰውነቷ የሚጠጋው፣ ጥርስ ካልገባበት የማይላላው፣ የአህያ ነው። እሱ ላይ ይጨመራል እንጂ ከእሱ አይነሳም። አንዱ ቋጠሮ ባዶ ሲሆን ከሌላው መበደር ክልክል ነው። "ከሆድ ለሥራ ካበደርኩ፣ ከሥራም ለሆድ ካበደርኩ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚመጣው የአህያዬ ላይ ነው" ትላለች።

ፉርኖ ቤቱ መስኮት ላይ ካራሜላ የሞላው ጠርሙስ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩም ቢጫውም ያበራል፤ ማታ ስተኛ ራሱ ዓይኔ ላይ ያበራል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ቀሚሷን ያዝኩ። እናቴ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም።

"እሺ፣ ልግዛልሽ። ከየትኛው ልፍታ?" አለችኝ።

"ከአህያው" አልኩ፤ ብዙ ያለው እሱ ነው ብዬ።

"ጆሮዋን ነው የምትበይው ወይስ ጅራቷን?"

ደነገጥኩ። ጆሮ የሌላት አህያ ታየችኝ። "እንግዲያው ከሆድ" አልኩ። ፈታች፣ ገዛችልኝ፣ እኔም ቤት እስክንደርስ እያገላበጥኩ መጠመጥኩት። ማታ ሽሮው ሲቀርብ ጨው የለውም። እናቴን አየኋት።

"ምነው? ጨውማ ጠዋት በላሽው እኮ" ብላ እንጀራዋን ትቆርስ ጀመር።

ያ ጨው አልባ ሽሮ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ብልጥ ሴት ነበረች። ሌላ እናት ብትሆን ትገርፈኝና በነጋታው እረሳው ነበር። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና ለእኔም ቀጭን መቀነት ሰጠችኝ። ባለ ፉርኖው ለጭራሮዬ የሚወረውርልኝን ሳንቲም እቋጥርበታለሁ። አንድ ቋጠሮ ብቻ ነበረኝ፤ ስሙንም አላወጣሁለትም።

አህያዋ ገና ሳትገዛ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። እናቴ ከበሩ በስተግራ ያለውን ጥግ ጠርጋ ለቀቀችላትና እዚያ ዕቃ አይቀመጥም፣ ሰው አይተኛም። ዝናብ ሲያንጠባጥብብን እንኳ ተጣብበን በወዲያኛው በኩል እንተኛለን። "ለእሷ ድርቆሽ ሰጠሻት?" ትለኛለች ሲመሽ። "በልታ ጠግባለች" እላለሁ። ጎህ ሲቀድ በእንቅልፌ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ነቅቼ ሳይ ጥጉ ባዶ ነው። ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዳንድ ጠዋት የአህያ ሽታ ይሸተኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት "ለእኔም ሸቶኛል" አለችኝ። ለእኔ ብላ ዋሽታ እንደሆነ አላውቅም።

ባለ ፉርኖው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ሆዱ ቀድሞት ከበር የሚወጣ ሰውዬ ነበር። ክፉ አልነበረም፣ ደግ ነው ብዬም አልምልለትም። "ዶማኒ፣ ዶማኒ" ይላል፤ ነገ ማለቱ ነው። የእሱ ነገ አንዳንዴ ሳምንት ይፈጃል። ሲከፍል ደግሞ የሚከፍለው በሊሬ፣ በወረቀት ነው። እናቴ ያን ወረቀት አንድ ቀን ወዳው አታውቅም። ጠገራ ብር ስትጥለው ይጮኻል፣ ስትነክሰው ጥርስ ይመልሳል፤ ይሄ ግን ምንድነው? ሸክም ስትሸከም ላቧ በመቀነቱ አልፎ ቋጠሮውን ያርሰዋል፣ ወረቀቱ ይጣበቃል፣ ሲፈታ ይቀደዳል። አንዱን የተቀደደ ሊሬ የጨው ነጋዴው አልቀበልም ብሎ ሲመልስላት ዓይኗ ደም መሰለ።

ያን ቀን ነው ወረቀቱን እንደ ብር ልቅበረው ብላ የወሰነችው። ድሮ አባቴ የተወላትን ጥቂት ጠገራ ብር በቅል አድርጋ ከምሰሶው ሥር ቀብራ ነበር። ስናወጣው ቅሉን ምስጥ ጨርሶታል፣ ብሮቹ ግን አመድ ሲነካቸው አዲስ ሆኑ። "ብላ እስቲ ይሄንን!" ብላ ምስጡ ላይ ስትስቅበት ትዝ ይለኛል። ያ ብር በመጀመሪያው ክፉ ክረምት ለእህል አለቀ። እንግዲህ ያንኑ አሰበች። ከአህያው ቋጠሮ ወረቀቱን ፈታች፣ ጠቅልላ ሌላ ቅል ውስጥ ከተተች፣ አፉን በጨርቅ ወተፈችና እዚያው ምሰሶው ሥር ቀበረችው። ክረምቱ እስኪገባ በየሳምንቱ ከላይ እየከፈተች ትጨምራለች። ያም ሆኖ የመቀነቷን ሦስተኛ ቋጠሮ ባዶውን አጥብቃ ታስረዋለች፤ እንዳለ እንዲሰማት ነው መሰል።

ጎረቤታችን ከጉራጌ አገር የመጡ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ እናቴም እኔም እትዬ ነው የምንላቸው። ገንዘብ ሲቆጥሩ በአገራቸው ቋንቋ፣ ሲቆጡ በአማርኛ ነበር። እሳቸው ወረቀቱንም ብሩንም አይወዱም፣ አይጠሉም፤ እጃቸው ላይ ሁለት ቀን አያድርም፣ ወዲያው ቅቤ ይሆናል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለው እናቴን ለመኗት።

"ስጪኝ፣ ቅቤ ላምጣበት። ትርፉን እኩል እንካፈላለን። ይሄ ወረቀት አፈር አይችልም።"

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ። መንገዱ ሽፍታ ነው፣ ኬላው ጣሊያን ነው። እርስዎ ራስዎ ቢቀሩብኝስ? የእኔ ገንዘብ ቤቱ ይቀመጥ።"

"ቤቱ ተቀምጦ ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሥራ። እኔ እሠራለሁ" አለች እናቴ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። እኔ ግን እናቴ ያሸነፈች መስሎኝ ኮራሁ።

የዚያ ክረምት ዝናብ ማባሪያ አልነበረውም። ባሕር ዛፉ ቀን ከሌት ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ከሥር ይረጥባል፣ እኛም በእርጥብ ጭስ ውስጥ እንደ ሕልም እንውላለን። የእናቴ ጀርባ ብሶበት አንዳንድ ጠዋት ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትነሳው። ቢሆንም ደስተኛ ነበረች። "መስቀል ሲያልፍ መንገዱ ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንገዛለን" እያለች ታንጎራጉራለች።

መስቀል አለፈ። በገበያው ቀን ጠዋት በሩን ዘግታ ምሰሶው ሥር ተንበርክካ ቆፈረች። ቅሉ አልተገኘም። ቅሉ የነበረበት ቦታ ላይ አፈር የሚመስል፣ ሲነኩት የሚፈርስ ነገር ነበር። ጣቶቿን ሰዳ ስትፈልግ ከመሃል ጥቅልሉ ወጣ፤ ዳርና ዳሩ ተበልቷል፣ ሻግቷል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ነጫጮቹ ምስጦች እጇ ላይ ሲሄዱ አላራገፈቻቸውም። እኔ መጀመሪያ ዞሬ ያየሁት ገንዘቡን ሳይሆን ያን ባዶ ጥግ ነው።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ብር መስሎኝ እኮ ነው" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለምሰሶው።

እትዬ ሲመጡ ያዩትን አይተው "ብዬሽ ነበር" አላሉም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከእናቴ ጎን ቁጭ ብለው ወረቀቱን አንድ በአንድ በጥፍራቸው አላቀቁ። ከዚያ ሦስታችንም ወደ ፉርኖ ቤቱ ወረድን። ባለ ፉርኖው የተበላውን ሊሬ ሲያይ ሳቀ፤ እናቴን ቀና ብሎ ሲያይ ሳቁን ተወው። ከግማሽ በላይ የተረፉትን ለይቶ በደህና ወረቀት ለወጠላት፤ ሌላውን እያስረዳ በዝግታ እሳት ውስጥ ጨመረው። የአህያዋ ጆሮ፣ ጅራት፣ ወገብ ሲቃጠል ይታየኝ ነበር።

ከአስኮ ወዲህ፣ ከቡራዩ የሚመጡ ገበሬዎች አህያ የሚሸጡበት ሜዳ አለ። በያዝነው ገንዘብ ትልቅ አህያ የሚሰጠን ጠፋ። እናቴ ተመልሳ ልትሄድ ስትል አንዲት ውርንጭላ አየች፤ ጡት ከተወች ብዙ ያልቆየች፣ እግሯ ከሰውነቷ የረዘመ፣ ጆሮዋ የእናቷን የሚያህል። ከባለቤቱ ጋር በኦሮምኛ ተከራከሩ፣ ተለያዩ፣ ተመለሱ። ትንሽ ጎደለ። እናቴ መቀነቷን ወደ ፊት ሳበች፤ የሆዱ ተፈቷል፣ የሥራውም ተፈቷል። ሦስተኛውን ባዶ ቋጠሮ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ዝቅ ብላ አየችኝ።

"ከየትኛው ልፍታ?" አለችኝ።

እኔ ያለኝ አንድ ነው። በጥርሴ ፈታሁት።

እንግዲህ ሰው ሳቀብን። ጠዋት ጠዋት በጉሙ ውስጥ እናቴ ፍልጧን ተሸክማ ጎብጣ ትሄዳለች፤ ከጎኗ ውርንጭላዋ ባዶ ጀርባዋን እያሳየች ትፈነጥዛለች። "አንቺ፣ ማን ማንን ነው የገዛው?" ይሏታል ሴቶቹ። "ገና ልጅ ናት፣ አይዟት" ትላለች እናቴ። አንዲት ቀንበጥ አላስጫነቻትም፤ አጥንቷ ሳይጠና ከጫንናት ዕድሜ ልኳን ሰባራ ትሆናለች አለች። ከዚያ ወዲህ የተረፋትን ሊሬ ለእትዬ እየሰጠች ቅቤ ሆኖ፣ ትርፍ ሆኖ ይመለስላታል፤ በእሱም ለውርንጭላዋ ድርቆሽ ትገዛለች። ያ ጥግ ሙሉ ሆነ። አሁን ኮቴዋን ሰምቼ ስነቃ እውነት ነው።

ጣሊያን ሊወጣ ሲል አህያዋ ጠናች። አንድ ጠዋት እናቴ ፍልጡን ሁሉ ጫነችባት፣ ጠፍሩን ፈትሻ ጠበቅ አደረገችና ዱላዋን ይዛ ከኋላዋ ሆነች። እንጨት ልትሸጥ ስትወርድ ጀርባዋን ያለ ሸክም ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። አገጯ ደረቷ ላይ ነው፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ አንድ እጇ ጠፍሩ ያርፍበት የነበረው ትከሻዋ ላይ ነው። እንደዚያው ሆና ትራመዳለች። የረሳች መሰለኝና ሮጬ ደረስኩባት።

"እማዬ፣ ቀና በይ እንጂ። ምንም እኮ አልተሸከምሽም።"

ቆመች። ከታች ወደ ላይ አየችኝ፤ ደስ ብሏት ትስቃለች።

"ቀና ብያለሁ እኮ" አለችኝ።

አህያዋን መታ አደረገቻትና ቁልቁል ወረድን።