የአያቴ ስም ያልነበረበት ካርድ

ወንድሜ እያልኩ የምጠራው ሰው አርባ አንድ ጭራቆቼን በራሱ ስም አስመዝግቦ ሦስት ዓመት ለሕዝብ አሳየብኝ። ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ አደረገው። ብችል ኖሮ አይሞክራትም ነበር።

ጭራቅ ስል የመጫወቻ ጭራቅ ማለቴ ነው። ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ፣ እኔ ሳልወለድ ጃፓን ውስጥ ተመርተው እዚህ ድረስ የመጡ። አንድ ቀንድ ያለው አለ፣ ሦስት ራስ ያለው አለ፣ ሆዱ ላይ ዓይን ያለው አለ። የሰው አገር ሰዎች እነዚህን ሲያገኙ ያለቅሳሉ ብል ማን ያምነኛል? ግን ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ሥራዬ የሞተ ሰው ቤት ባዶ ማድረግ ነው፤ ጄኔቫ ውስጥ ዴባራ ይሉታል። አሮጊቷ ትሞታለች፣ ልጆቿ መጥተው የሚፈልጉትን ያነሳሉ፣ የቀረውን እኛ እናወርዳለን። ቁም ሣጥን፣ ፍራሽ፣ ፎቶ፣ መጽሐፍ። መጽሐፍ እጠላ ነበር፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የቀኝ እጄን የቀለበት ጣት ግማሹን የወሰደው ግን ቁም ሣጥን ነው፤ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ሊፍት የሌለው ቤት ደረጃ ላይ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሥራ ጓንት በተሰጠኝ ቁጥር የዚያን ጣት ጫፍ ቆርጬ በጥቁር ክር እሰፋዋለሁ። ባዶውን ከተውኩት ነገር ይይዝና ይጎትተኛል።

የመጀመሪያውን ጭራቅ ያገኘሁት እዚያው ኦ ቪቭ፣ አንዲት ሟች ሴትዮ ምድር ቤት፣ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ውስጥ ተወትፎ ነው። አረንጓዴ፣ አንድ ቀንድ ያለው፣ አፉን የከፈተ። አለቃዬ «ጣለው» አለኝ። አልጣልኩትም።

ለምን እንዳልጣልኩት እናገራለሁ። ልጅ ሆኜ የአባቴ ሚስት «ትምህርት ቤቱ ጓሮ ጭራቅ አለ፤ አባቱ የማይሸኘውን ልጅ ነው የሚበላው» ትለኝ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መቼ ቤት አድሮ ይሸኘኛል? ስለዚህ አልሄድኩም። አርባ ስድስት ዓመት እስኪሆነኝ አልሄድኩም። ታዲያ ያንን አረንጓዴ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው የአንድ ብርቱካን ያህል እንኳ አይመዝንም። «ይኼ ነው እንዴ ያስቀረኝ?» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እነዚህ ነገሮች ሲያረጁ እግራቸው ይልፈሰፈስና ይጎብጣሉ። የአረንጓዴው እግር ክፉኛ ስለጎበጠ በሙቅ ውኃ አለስልሼ፣ ራሱን ነቅዬ፣ ያረጀ ጓንቴን ሆዱ ውስጥ ጠቅጥቄ መልሼ ገጠምኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ሰውዬው። የተዋወቅነው ኦኔ ሰፈር ባለችው ትንሽ የአበሻ ቸርች ነው። ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ፣ ለአዲስ ሰው ወረቀት የሚሞላው እሱ። የመጣልኝን ደብዳቤ ሁሉ ሰባት ዓመት ያነበበልኝ እሱ ነው፤ ይህንንም አልክድም። ሥራው ጥበቃ ነው፣ ግራንድ ሳኮኔ ያለው ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ በር ላይ። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ መደርደሪያዬን አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ! እኔ የምጠብቀው አዳራሽ ውስጥ ፈረንጅ ይህንኑ ቆሻሻ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያሳያል እኮ! ጓንት አድርጎ ነው የሚነካው፣ ነጭ ጓንት!»

«ውሸታም።»

«በጌታ! ላስመዝግብህ?»

«ቸርች ቢሰሙስ? አውሬውን ቤቱ አስገባ ይሉኛል።»

«ዳይኖሰር ነው በላቸው። ዳይኖሰርን ማን የፈጠረው ነው?»

ሳቅን። ቅጹን እሱ ሞላ፤ እኔ ምን ልሞላ? የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእኔ የተረገጠ ጭቃ ነበር። የማውቀው አንድ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው፤ የስሜን መጀመሪያ። መስቀል ይመስላል። መኖሪያ ፈቃዴ ላይ መስቀሉን ሳይ ይኼ እኔ ነኝ እላለሁ።

አዳራሹ የገባን ቀን ጭራቆቼን በየቁመታቸው ደረደርኳቸው። ዙሪያችን ሌሎች ሰብሳቢዎች ነበሩ። ሽበታም ሰውዬ የአንዱን ጭራቅ ውስጥ እግር ገልብጦ የፋብሪካውን ማኅተም ያሸታል፤ አሮጌ ፕላስቲክ የራሱ ጠረን አለው ይላሉ፣ እውነትም አለው። አንዲት ወጣት የጎማ ጅራት አጥልቃ ቋሊማ ለመግዛት ወረፋ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያሉት ጅራቷን ላለመርገጥ ይጠነቀቃሉ። ወደ እኛ ጠረጴዛ ሰው ተሰበሰበ። እንግሊዝኛውንም ጀርመንኛውንም የሚያወራው እሱ ነው። የሱን እጅ ይጨብጣሉ። የሚያስተረጉምልኝ መስሎኝ እኔም አጠገቡ ቆሜ እስቃለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ካርድ ነበር፤ የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት። አየሁት። መስቀሉ የለም።

«የኔ ፊደል የታለ?» አልኩት።

ሳያቅማማ ነው የመለሰልኝ። «ወንድሜ፣ እዚህ አገር እኮ የአያት ስም ነው የሚቀድመው። የአያትህ ስም ነው የተጻፈው።»

እንዲህ ያለ ውሸት የሚያጠምደው የኛን አገር ሰው ብቻ ነው። እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ ስሙ ተገለባብጦበታል፤ አንዱን በአባቱ ስም ይጠሩታል፣ ሌላውን በአያቱ፣ ሚስቱን በማታውቀው ሰው። የሞተው አያቴ ሐኪም ቤት በስሙ ተጠርቶ ያውቃል፤ «አቤት» ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አመንኩት።

ማመን ብቻ ቢሆን ምን አለበት። ደስ አለኝ። አያቴ ስሙ የትም ተጽፎ አያውቅም፤ መቃብሩ ላይ እንኳ ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ የለም። አሁን በሰው አገር፣ በነጭ ካርድ፣ ሰው እያጎነበሰ ያነበዋል ብዬ አቧራ ባረፈበት ቁጥር በእጅጌዬ ጠረግኩት። የዚያን ሰው ስም በእጅጌዬ ስጠርግ ኖርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ማንበብ የተማርኩት በዚህ የተነሳ አይደለም። የጆሮ ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ጨምሬ ሆስፒታል ስለገባሁ ነው። ነርሷ «ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ» አለችኝ። በሳምንቱ ለአዋቂዎች የፈረንጁን ፊደል የሚያስተምሩበት ቤት ሄድኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ለእሱ አልነገርኩትም። ለማስደነቅ ፈልጌ ነበር። ማስታወቂያውን አንድ እሑድ ከእጁ ነጥቄ ላነበው ነበር ያሰብኩት።

በሦስተኛው ዓመት ትርኢት ካርዱ ፊት ቆሜ የአያቴን ስም ላነብ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። የመጀመሪያው ፊደል «ም» ሆነ። የአያቴ ስም በ«ወ» ነው የሚጀምረው። ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፊደል ቀጠልኩ። የዚያ ወንድሜ የምለው ሰው ስም ነው። ቀጥሎ ያለው የአባቱ ስም ነው። ሦስተኛ ስም የለም።

«ምን ታጉረመርማለህ?» አለኝ ከኋላዬ።

«እየጸለይኩ ነው።»

«ተባረክ።»

ለምን እዚያው አላነቅኩትም? ስሙን ማንበብ ችያለሁ፤ የኔን ስም ሌላ ሰው ፊት ሳልሳሳት መጻፍ ግን አልችልም ነበር። በጻፍኩ ቁጥር መስቀሉ ይዘማል። ተነስቼ ብጮህ «ጻፈው» ቢሉኝስ? አምስት ወር ዝም አልኩ። አምስት ወር ቤት ውስጥ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ስጽፍ ከረምኩ። እሑድ እሑድ አብሬው ዘመርኩ። ጥላቻ እንደዚያ ያለ ትጉህ ተማሪ ያደርጋል።

በዚህ መሀል ስልክ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ደስ ይበልህ! የዙሪክ ሰብሳቢዎች ማኅበር ጠረጴዛችንን መርጦታል። መስታወት ውስጥ ገብቶ ለዘለዓለም ይቀመጣል። ባለቤቱ ፈርሞ ማስረከብ ብቻ ነው የሚጠበቀው።»

«ባለቤቱ ማን ነው?» አልኩት።

«ያው እኛ ነን» አለኝ።

እሱ አንድ ጊዜ ከፈረመ ጭራቆቼ ከነስሙ መስታወት ውስጥ ይታሸጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የኔ ነበሩ ብል ማን ይሰማኛል? አብረን ሄድን። ሁለት ሻንጣ ጭራቅ እግራችን ሥር አድርገን ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። በመስኮቱ የጣቢያዎቹን ስም በልቤ አነባለሁ፤ ሎዛን፣ ፍሪቡር፣ በርን። እሱ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። በርንን አልፈን አንድ ዕድል ልስጠው አልኩ።

«እስቲ ካርዱን አሳየኝ» አልኩት። ከደረት ኪሱ አወጣው። «ምን ነበር የሚለው?»

«አዬ አንተ! የአያትህ ስም ነው አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዕድሉን እሱ ራሱ ነው የጨረሰው። ካርዱን መልሼ ሰጠሁት።

ዙሪክ ሰማዩ መሬት ነክቷል፣ ዝናቡ አይዘንብም አያቆምም። ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ የተቀበለችን ሴትዮ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ናት። ፈረንሳይኛ ትችላለች፤ እኔም ጄኔቫ ስኖር የለመድኩት እሱን ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እስክሪብቶውን ለእሱ ዘረጋች።

«እመቤት» አልኳት በፈረንሳይኛ። «ይህ ካርድ የእሱን ስም ነው የሚለው። ዕቃው የኔ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። በአማርኛ «ምን ሆንክ? ሰው ፊት አታዋርደኝ እንጂ» አለኝ።

«አነበብኩት።»

«ምኑን?»

«ስምህን። ከነአባትህ።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። እሱ ቶሎ ብሎ በጀርመንኛ ብዙ አወራ፤ ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ ሲያዞር አየሁት፤ ያመዋል ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «የእርስዎ ለመሆናቸው ምን ማሳያ አለዎት?» አለችኝ በትሕትና።

«አረንጓዴው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቁት» አልኳት።

በፈረንሳይኛ ጠየቀችው። «ምን ይኖረዋል? ባዶ ነው፤ ሁሉም ባዶ ናቸው» አለ። የገዛ ዕቃውን ሆድ አይቶ የማያውቅ ሰብሳቢ የለም፤ ይኼ ብቻ በቂ ነበር።

ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር የፀጉር ማድረቂያ አወጣች፤ እነዚህ ሰዎች የጎበጠ እግር የሚያቀኑት በእሱ ነው። የአረንጓዴውን አንገት አሞቀችና ራሱን ቀስ ብላ ነቀለች። በሁለት ጣቷ ስትስብ ሰማያዊ ጓንት ተጨማዶ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቀለበት ጣቱ አጭር ነው፣ በጥቁር ክር የተሰፋ። ቀኝ እጄን አጠገቡ አኖርኩ።

ወንድሜ ያልኩት ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ አለኝ። «አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ስቆም በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። እዚያ ጠረጴዛ ጋ ግን በስሜ ጠሩኝ። እጄን ጨበጡኝ። አንተ እንደሆንክ አታነበውም፤ ምን ይጎድልሃል ብዬ ነው።»

አዘንክለት ወይ ብትሉኝ አላዘንኩለትም። እንደማይገባኝ አይደለም፤ ገብቶኛል። ሰባት ዓመት ደብዳቤዬን ሲያነብልኝ ስንቱን እንዲህ እንዳነበበልኝ ግን አሁንም አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቸርችም አልሄድኩም፤ በኦኔ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲመጣ ቀጣዩን እጠብቃለሁ።

ሴትዮዋ አዲስ ካርድ ሰጠችኝ። «ሊወስዷቸውም ይችላሉ፤ ሊተዉልንም ይችላሉ» አለችኝ። መደርደሪያዬን አሰብኩ። ቤቴ ሆነው ባየኋቸው ቁጥር የማየው ያንን ካርድ እንደሚሆን አወቅኩ። ይቅሩ አልኩ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ። መስቀሉ አልዘመመም። የአያቴን ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ትክክል ነው።

ከካርዱ ግርጌ የርክክቡን ቀን ጻፍ ይላል። ጻፍኩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አስተካክላ አየችው።

«ይህ ቀን እኮ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል» አለችኝ።

«በእኛ አቆጣጠር ዛሬ ነው» አልኳት።

አልሰረዘችውም። እንደጻፍኩት መስታወቱ ውስጥ ገባ፤ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.