ክር የገባበት መርፌ

ባለፈው ወር ደስ ያሰኘኝ ነገር ብዙ ነበር። ትንንሽ ነገር ነው፤ ሰው ቢሰማው ይስቅ ይሆናል። ግን አንዷንም ደስታ እንዳለች አላጣጣምኳትም፤ ወሩ ሲያልቅ ጎረቤቴ እንደሚሄድ አውቅ ነበርና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የወታደር ሱሪ ስጠግን ነው እጄ ሥራ የለመደው። ቦታዬ ሐረር ግንቡ ውስጥ፣ የስፌት መኪና ከግራ ከቀኝ ተደርድሮ ሲንጫጫ የሚውልበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ያ ጎረቤቴ፣ የከተማው ተወላጅ የሆነ ሐረሪ ሽማግሌ፣ ይሰፋ ነበር። ጭነት የያዘች አህያ በመካከላችን ስታልፍ ሁለታችንም ጉልበታችንን እንሰበስባለን፤ ይህን ያህል ነበር ርቀታችን።

ዓይኔ ደክሟል። ሰውን በድምፁና በአረማመዱ እለያለሁ፣ ጨርቁንም በጣቴ አውቀዋለሁ። መኪናውም ከዘመናት ጀምሮ የለመደኝ ነው፤ ከያዝኩት ቀጥ ብሎ ይሄድልኛል። የመርፌ ቀዳዳ ግን በጣት አይገኝም። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ዓይኑ የጠፋ ሰፊ መሆኔ ከተሰማ ማን ጨርቁን ይሰጠኛል? ክፉ የሚናገረኝ የለም። "እግዜር ይማርዎ አባባ" ብለው ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው። የመንገድ ልጅ ጠርቼ ክር አስገባልኝ ብል ደግሞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከተማው ዳር ኤረር በር ይደርሳል።

ስለዚህ ጎረቤቴ ማለዳ፣ ሌላው ሰፊ በሩን ሳይከፍት፣ ይሻገርና ክሩን ያስገባልኛል። የቀኑ የመጀመሪያ ደስታዬ ያቺ ነበረች። መንገድ ላይ ዘይቱን ሲበላ ስለሚመጣ፣ ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ዘይቱን ዘይቱን ይላል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይህን መርፌ ትናንት አቅንቼልህ ነበር፤ ማታ ማታ ታጣምመዋለህ እንዴ?"

"እጅህ እየተንቀጠቀጠ በመርፌው ታሳብባለህ።"

"ወላሂ፣ የኔ እጅ እየተንቀጠቀጠም ቀዳዳውን ያገኛል። ያንተ ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳውን ይወጋል!"

ለኔም አንድ ዘይቱን ይተውልኛል። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምሳትም። መኪናው ላይ አስቀምጬ ሽታዋን እየሳብኩ እሰፋለሁ። ከመብላቱ ይልቅ ያ መጠበቅ ይጥመኝ ነበር።

በፍስክ ወራት የሱ ሥጋ የእስላም፣ የኔ የክርስቲያን ነውና እየተያየን ለየብቻ እንበላለን። በጾም ግን ሥጋ የለም። ሚስቴ ሽሮና ጎመን ስትልክልኝ፣ እሱም ምሳውን እስከዚያ አቆይቶ ይሻገርና ከአንድ ሳህን እንበላለን።

"እናንተ ዓመቱን ሙሉ ብትጾሙ እኔ ምን ያህል በወፈርኩ!" ይለኛል፤ ጎመኑን ወደኔ እየገፋ።

እየበላንም መንገዱን ያይልኛል። "ቀይ ቀሚስ የለበሰች መጣች። ወደዚህ ዞራ አየች። አሁን ፈጠነች።"

"ምን አስፈጠናት?"

"አንተን ስላየች ነዋ።"

የሚሄደው ልጆቹ ጋ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተዋል፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻህን አትኑር አሉት።

"እዚያ የስፌት መኪና ይሰጡሃል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ወንበር ይሰጡኛል" አለኝ። "ሱቁ በር ላይ እንድቀመጥበት።"

ከዚያ ወዲያ ስለ መሄዱ አልጠየቅኩትም።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ቋጠሮ አስተማረኝ። ክሩ ሊያልቅ ሲል ከመርፌው ሳያወጡ፣ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጥሮ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ቋጠሮው ከቀጠነ በቀዳዳው ያልፋል። የኔ ወፍራም እየሆነ ይቀር ነበር፤ እሱ እየሳቀ "ይህማ የአህያ መጫኛ ነው!" እያለ ያስፈታኛል። በኋላ እጄ ገባ።

ባቡሩን ለመያዝ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ጠዋት ክር አስገባልኝ።

"ነጭ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው ነጭ ነው። ቀስ ብለህ እርገጥ፣ ክር የሚበጥሰው ችኮላ ነው። ኢንሻአላህ አይበጠስም።"

"በሰላም ግባ" አልኩት።

ክሩ ጥቂት ቀን ያዘልኝ። የመጀመሪያው ቋጠሮዬ ጠቅ ብሎ በቀዳዳው ሲያልፍ ቀና ብዬ "አየህ?" አልኩ። ፊት ለፊቴ የተዘጋ በር ነው ያለው።

ከዚያ አንዲት ሴት ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ተራራ ወርዳ ጨርቅ ይዛ መጣች። እኛ ዘንድ የገጠር ሴት ጨርቋን ከሱቅ ገዝታ፣ ቆማ አሰፍታ፣ ለብሳው ነው የምትመለሰው። ቀሚሱን አጋምሼ ሳለ ክሩ ተበጠሰ።

"አባባ፣ ምነው ቆመ?"

"ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው ልጄ።"

የክሩን ጫፍ በምራቄ አሹዬ ወጋሁ፤ ሳተ። ደግሜ ወጋሁ፤ እሷ ራሴ ላይ ቆማለች። ከዚያ "ኧረ ይተዉት አባባ፣ እኔ ላስገባልዎ! ለካ ዓይንዎ አያይም!" አለችና አንድ ጊዜ ገፍታ አስገባችው። በደግነት ነው ያለችው። ግን የገጠር ሰው ድምፅ ነው፤ ጋራ ለጋራ መጠራራት የለመደ። በስተግራዬ ያለው መኪና ቆመ። በስተቀኜም ያለው ቆመ። ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫው መንገድ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንደገና መርገጥ ጀመሩ። የሷን ቀሚስ ጨረስኩላት። መረቀችኝና ሄደች።

አሁን ፋሲካ ደርሷል። ሰው ለበዓሉ ያሰፋል፤ ጎረቤቶቼ ለምሳ እንኳ ከመኪናቸው አይነሱም። እኔን "እንደምን አደሩ አባባ" ይሉኛል፣ ከበፊቱ ይልቅ ጎንበስ ብለው። ጨርቅ ይዞ ደጃፌ ላይ የሚቆም የለም።

አጠገቤ የሚሰፋው ጎልማሳ ማለዳ ማለዳ፣ ሳልጠይቀው፣ መጥቶ ክር ያስገባልኛል። ጥሩ ሰው ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ አይሰድበኝምም። "ይኸው አባባ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም ሚስቴ ምሳ እስክትልክ ድረስ ቁራጭ ጨርቅ አስገብቼ እረግጣለሁ፤ ምሳ የሚያደርስልኝ ሰው ቤት ሲመለስ "መኪናው ሲሠራ ይሰማ ነበር" እንዲላት። ማታ ያንኑ ስፌት በጣቴ እየፈታሁ እተረትረዋለሁ፤ ቁራጩ ለነገ ያስፈልገኛል።