ልጁ ቤቱ እስኪገባ

ቦንጋ የተመደብኩት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በጋቢ የተጠቀለለ የቴሌቪዥን ጌም ነበር የሚበዛው። ከኮሌጅ ጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን የገዛነው ነው። ምደባ ሲወጣ እሱ ዋጫ ደረሰው፣ እኔ ቦንጋ። ማሽኑ እኔ ጋ እንዲሆን፣ እሱም በየወሩ ደመወዝ ሲወጣ እየመጣ እንድንጫወት ተስማማን። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ግን ይዞት ሄደ። "ከሌላ ሰው ጋር እንዳትጫወት ነው" ብሎ ሳቀ።

ኧረ ከማን ጋር ልጫወት! በመጀመሪያው ወር መጣ፤ ቅዳሜና እሁድን በጌሙ ስንደባደብ፣ ስንሰዳደብ ዋልን። በሁለተኛው ወር መንገዱ ጭቃ ነው አለ። በሦስተኛው እዚያው ዋጫ እጮኛ ያዘ። ጆይስቲኩም በዚያው ቀረ። እግዜር ይስጠው፣ ሰርጉ ላይ ሚዜ አድርጎኛል።

የትምህርት ቤቱ መምህራን ከሥራ በኋላ ከረምቦላ ቤት ይሰበሰባሉ። አንድ ቀን ሞኝነቴ፣ ቤቴ ጌም እንዳለኝ ተናገርኩ። "ጌም? የሕፃናቱን?" አለ አንዱ፣ ከረምቦላ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እንደ ድብቅ ጠጪ በሬን ዘግቼ ነበር የምጫወተው። ደግሞ ብቻህን ስትደባደብ ምን ደስ ይላል? ማሽን አይሰድብህ፣ ስታሸንፈው አያኮርፍ፣ "አንዴ ድገመኝ" ብሎ አይለምንህ። ያን ጊዜ እንደነበርኩት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የገዛ ሳሌን እንኳ አልሰማውም ነበር።

ሌላ አንድ ሲዲ ነበረኝ። ከማሽኑ ጋር በምርቃት የተሰጠን፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ስለሆነ ነክተነው የማናውቅ። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ሰይፍ በጀርባው ያዘለ ልጅ ከእናቱ ቤት ይወጣል፣ በጫካ ይሄዳል፣ መንደር ይገባል፣ ሰው ያናግራል። የጃፓን ካርቱን በቪዲዮ ካሴት እየተከራየሁ ስላደግሁ ዓይነ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ዘመድ ናቸው ለእኔ። የሚሉትን ግን አንዲት ፊደል አላውቅም። ችግሩ ደግሞ ሜሞሪ ካርድ የለኝም። ያ ካርድ ከሌለ ማሽኑ የደረስክበትን አያስታውስም፤ ማሽኑ ከጠፋ ልጁ እንደገና ከእናቱ በር ይጀምራል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ብቻ አጥፍቼ ማሽኑን ቀንም ሌሊትም እንደበራ እተወዋለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ሀ ብዬ እጀምራለሁ። በዚያ በጋ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ መብራቱ አልሄድ አለ።

የተከራየሁት የአንዲት ባል የሞተባቸው የከፋ ተወላጅ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ፣ መምህር ይሉኛል። አማርኛን ከካፊኖኖ ቀጥሎ የለመዱት ስለሆነ አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ ይሉኛል፤ ሁለቱም ከእሳቸው አፍ ይጣፍጣል። አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ዘምቷል። ጦርነቱ አብቅቶ የጎረቤት ልጆች ተመለሱ። የእሳቸው አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። የግቢው በር ማታ ማታ አይቆለፍም ነበር። እንደ ገባሁ ሰሞን ሌባ ፈርቼ ብጠይቃቸው፣ "ሲመጣ ዘግተውብኛል እንዳይል" አሉኝ።

አንድ አመሻሽ የተቀቀለ ጎደሬ ይዘውልኝ ሲገቡ በሬን መዝጋት ረስቼ ነበር። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ።

"ይሄ ልጅ የማን ነው?"

"የጃፓን ነው እትዬ።"

"ብቻውን የት ይሄዳል?"

እኔ ምን አውቄ? ከአፌ አመለጠኝ፣ "ወደ ቤቱ" አልኩ። እትዬ ሳህኑን አስቀመጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ይመጡ ጀመር። የጃፓኑ ሽማግሌ አፉን ሲከፍት እኔ አስተረጉማለሁ፤ ፈጥሬ ነው እንግዲህ። "ቤትህ ከተራራው ማዶ ነው እያለው ነው" እላለሁ። እትዬ ይናደዳሉ። "መሽቷል እኮ! ለምን አብልቶ አያሳድረውም? ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው!" ልጁ ሰው ቤት እየገባ እንስራ መስበር አለበት፣ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሰበርኩ ቀን ጮኹብኝ። "የሰው ዕቃ! እናቱ እንዲህ አላሳደገችውም!" በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ እንስራ ሳልሰብር ተጫወትኩ። መከራዬን አየሁ፤ በየጫካው ያለ መድኃኒት ስዘለዘል ከረምኩ።

ቀን ቀን ሳስተምር ማሽኑን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። በመስኮቴ አጮልቀው የማሽኑን አረንጓዴ መብራት ያያሉ። ስመለስ ከበር ተቀብለው "ሰላም ነው፣ አለ" ይሉኛል። ምን እደብቃለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ መሮጥ ጀምሬ ነበር። የከረምቦላ ቤቱን ደጃፍ በሩጫ ሳልፍ የሚስቁትን እሰማለሁ፣ ይሳቁ! የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ። መጨረሻው ምንም ይሁን ምን እደርስበታለሁ፣ ከዚያም ልጁ ቤቱ ገባ እላቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ለእሳቸው ይሄ ጨዋታ አልነበረም። ልጁ ሲቆስል መቀነታቸውን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ፣ ወንዝ ሲሻገር "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ።

በረዶ የለበሰው ተራራ ላይ ስንደርስ በልጉ ገባ። ክፍል ውስጥ ሆኜ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሰማዩን ሲሰነጥቀው ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ሰማዩ ሲያጉረመርም እትዬ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ቀይ ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ፣ መስታወቱን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄደው የግቢውን መብራት በሙሉ ያጠፋሉ። ደወሉ ሲደወል በዝናቡ ውስጥ እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

"መብረቅ ልጁን እንዳይመታው አጠፋሁት" አሉኝ፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው።

"ደግ አደረጉ" አልኩ። ያ ሁሉ ጫካ! ያ ሁሉ ያልተሰበረ እንስራ!

ዝናቡ ሲያባራ መብራቱን ራሳቸው መለሱት። "በል እንየው" ብለው ቀድመውኝ ገቡ። ምን ብዬ ልከልክላቸው? ከፈትኩት። ሙዚቃው መጣ፣ ያቺ ትንሽ ቤት መጣች። ልጁ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ እናቱ ከፊቱ ቆማለች።

እትዬ ብድግ አሉ። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ደረሰ! መምህር፣ ደረሰ እኮ! እኛ ስናጠፋው እሱ መንገዱን አልተወም!"

እልልታውን አቀለጡት። የጎረቤት ሴቶች ምን ተገኘ ብለው በአጥሩ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ጆይስቲኩን እንደጨበጥኩ ነኝ። አንዲት ቁልፍ ብጫን ልጁ ከእናቱ በር ይወጣል። አልተጫንኩም።

"አጥፋው አሁን" አሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "ደክሞታል። ይተኛ።"

በማግስቱ ማታ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን። ለምን ይመጣሉ? ልጁ ገብቷል። ስወጣ በርጩማቸውን ግቢው በር ላይ አድርገው፣ መንገዱን እያዩ ተቀምጠዋል። "ያኛው ከደረሰ የኔም መንገድ ላይ ነው" አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። እኔ ክፍሌ ገብቼ ዝናቡን አዳመጥኩ። ስንት ማታ ጆይስቲኩን አነሳሁት መሰላችሁ! ልጁን ባወጣው እትዬም ይመለሱልኛል፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይቆጡኛል። ግን ምን ብዬ? ደግሞ ወጣ ልበላቸው?

ዝውውሬ ሲፈቀድ ማለዳ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ የማር ቆርቆሮ አቀበሉኝና እጄን ያዙት። "አደራ መምህር" አሉኝ፣ "ያንን ልጅ ደግመህ እንዳታስወጣው።" ከቤት ስንወጣ የግቢያቸው በር ክፍት ነበር፤ አልዘጉትም።

ማሽኑ ዛሬም እኔ ጋ አለ። አንዳንድ ማታ ብቻዬን ስሆን እከፍተዋለሁ። ሙዚቃው ይመጣል፣ ቤቷ ትመጣለች፣ ልጁና እናቱ ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ትንሽ አያቸውና አጠፋዋለሁ።